ሰውን ጨረቃ ያደረሰው ሮኬት በነጌሌ ቢቆም

ትምህርት ቤት ሲዘጋ በነጌሌ፣ በያቤሎ፣ በሞያሌም ሆነ በዶሎ ያሉ ወላጆችን የሚያሳስብ አንድ ጥያቄ አለ። "እነዚህ ልጆች ጊዜያቸውን በምን ያሳልፉ?" በዚህ ወር አንድ ሐሳብ ይዘን ቀርበናል። ይኸውም ሳተርን 5 የተሰኘውን ሮኬት በ20 እጥፍ አሳንሶ በትምህርት ቤት ግቢ ማቆም ነው።

ሳተርን 5 ምን ነበር?

ሐምሌ 9 ቀን 1961 ዓ.ም. አፖሎ 11ን ይዞ ከፍሎሪዳ የተነሣው ይህ ሮኬት ቁመቱ 110.6 ሜትር፣ ክብደቱ 2,900 ቶን ገደማ ነበር። የታችኛው ክፍል 5 ሞተሮች ከነጭ ጋዝ ጋር የሚቀራረብ ነዳጅና ፈሳሽ ኦክስጅን በየሰከንዱ 13 ቶን ያህል ይፈጁ ነበር። ከሦስቱ ክፍሎች ነዳጁን የጨረሰው ተላቆ ይወድቃል፤ ባዶ ዕቃ መሸከም ጉልበት ማባከን ነውና።

ለአፖሎ ተጓዦች የጨረቃን ገጽ ካስተማሩት መካከል ግብጻዊው የሥነ ምድር ሊቅ ፋሩቅ አል-ባዝ ይገኙበታል። በማረፊያ ቦታዎች ምርጫም ተካፍለዋል።

ልኬቱ እንዴት ነው?

ሁሉንም ለ20 ማካፈል ነው። ጠቅላላ ቁመቱ 5 ሜትር ከ53 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የመጀመሪያው ክፍል 2 ሜትር ከ10፣ ሁለተኛው 1 ሜትር ከ24፣ ሦስተኛው 89 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ቀሪው የመንኮራኩሩና የጫፉ ነው። የሁለቱ የታች ክፍሎች የጎን ስፋት 50.5፣ የሦስተኛው 33 ሳንቲ ሜትር ነው።

ላሜራው ወይም ካርቶኑ ሲጠቀለል ምን ያህል ይቆረጥ? 50.5 በ3.14 ሲባዛ 1 ሜትር ከ59 ያህል ይመጣል፤ ለመጋጠሚያ ጥቂት ይጨመርበታል። በጥቁር ሰሌዳ ላይ ልጁን ያሰለቸው ስሌት እዚህ ላይ ትርጉም ያገኛል። ቢሳሳት ቆርቆሮው ራሱ አልገጥምም ይለዋል። ቁመቱ በ20 ሲያንስ ይዘቱ በ8,000 እንደሚያንስም በዓይኑ ያያል።

አጽሙ ከእንጨት ቀለበቶች ሊሠራ ይችላል። መሠረቱ ግን በድንጋይና በሲሚንቶ ይጥበቅ፤ የቆላ ነፋስ ቀላል አይደለም። ሴቶች ልጆቻችንም ቀለም ለመቀባት ብቻ ሳይሆን ለመለካትና ለመቁረጥ ይጠሩ።

አይለኮስም!

ስቲቭ ኢቭስ የተባለ አሜሪካዊ የመኪና ቦዲ ሠራተኛ በ10 እጥፍ ያነሰ፣ 11 ሜትር የሚሆን ሳተርን 5 ሠርቶ ሚያዝያ 17 ቀን 2001 ዓ.ም. አስወንጭፏል። ከ1,300 ሜትር በላይ ወጥቶ በጃንጥላ ወርዷል። ይህ ግን ልምድ ባላቸው ሰዎች መካከል የተደረገ ነው። የእኛው የሚቆም እንጂ የሚለኮስ አይደለም። ባሩድና ነዳጅ የልጅ እጅ አይንካቸው።

ሰማይ ለቦረና ልጅ እንግዳ አይደለም። አያንቱዎች ጨረቃንና ከዋክብትን አስተያይተው 27 የቀን ስሞች ያሉትን አቆጣጠር ሲጠብቁ ኖረዋል። አገራችንም ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን ሳተላይት በቻይና ሮኬት አምጥቃለች። የነገዋን ሳተላይት የሚሠራው ማን ይሆን? ምናልባት ዛሬ መቀስና ሜትር የምንሰጠው ልጅ ይሆናል፣ ኢንሻአላህ።