ቤቱ ከቄቧ ይቅደም
በመኖሪያ መንደር አካባቢ ዶሮን ከአውሬ ስለ መጠበቅ

ዶሮ በገጠርም ሆነ በከተማ ዳር ለሚኖር ቤተሰብ የቅርብ ገንዘብ ናት። የጨው፣ የደብተርና የመድኃኒት ወጪ ብዙውን ጊዜ የሚሸፈነው እማወራዋ ገበያ ከምታወጣው እንቁላልና ዶሮ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ሀብት ሁለት ብርቱ ጠላቶች አሉት። አንደኛው ፈንግልን የመሰለ በሽታ ሲሆን ሁለተኛው አውሬ ነው። ለፈንግል ክትባት አለ። ለአውሬ ግን ክትባቱ ደኅና የዶሮ ቤት ነው።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት የተሻሻሉ ቄቦችን ለአባሎቻቸው ሲያከፋፍሉ ሊጠነቀቁበት የሚገባ ስሕተት አለ። ይኸውም ቄቦቹ ከማደሪያቸው ቀድመው መምጣታቸው ነው። የአገር ጫጩት እናቷን ተከትላ ከጭልፊት መሸሸግን ትለምዳለች። በማሳደጊያ ቤት ያለ እናት ያደገች ቄብ ግን ይህን ያስተማራት የለም። ስለዚህ ቤት ሳይዘጋጅላት ወደ ግቢ የገባች ቄብ ለአውሬ እንደ ተሰጠች ትቆጠራለች።

አጥፊውን ለይቶ ማወቅ

የልማት ሠራተኛው አስቀድሞ ጥፋቱ በምን ሰዓትና እንዴት እንደ ደረሰ መጠየቅ ይኖርበታል። ምልክቶቹ ሁልጊዜ እርግጠኛ ባይሆኑም ብዙውን ጊዜ የሚከተሉት ናቸው።

ጫጩት በቀን፣ ያለ ምንም ርዝራዥ ከጠፋች ጭልፊት ወይም የሰፈር ድመት ሊጠረጠር ይገባል። በአንድ ሌሊት ብዙ ዶሮዎች አንገታቸውን ተነክሰው ከነሥጋቸው ቢገኙ ሸለምጥማጥ ወይም እርሱን የመሰለ ትንሽ አውሬ ነው። ግድግዳ ወይም በር ተሰብሮ፣ ላባ እየተንጠባጠበ ዶሮ ከተወሰደ ውሻ፣ ቀበሮ ወይም ጅብ ነው። ትናንሽ ጫጩቶች ተነክሰው ወደ ጉድጓድ ከተጎተቱ ደግሞ አይጥ ነው።

የማደሪያው ቤት አሠራር

ሸለምጥማጥ የሚያድነው በሌሊት ነው። ስለሆነም ዶሮዎች ሌሊቱን በአግባቡ ተዘግተው ቢያድሩ የጉዳቱ ትልቁ ክፍል ይቀራል። ለማደሪያ ብቻ በሚያገለግል ቤት ለአንድ ካሬ ሜትር ከ8 ያልበለጡ ዶሮዎች ይመደባሉ። ቤቱ በአካባቢ ዕቃ፣ ማለትም በባሕር ዛፍ፣ በቀርከሃና በጭቃ ምርጊት ሊሠራ ይችላል። ነገር ግን ቀጥሎ ያሉት አይጓደሉ፦

1. ቤቱ ከመሬት እስከ 1 ሜትር ከፍ ብሎ በቋሚ ላይ ይሠራ። አይጥና ሸለምጥማጥ እንዳይወጡ በእያንዳንዱ ቋሚ ላይ ለስላሳ ቆርቆሮ ይጠምጠም።
2. ለነፋስ መግቢያ የሚሆነው ሽቦ ቀዳዳው ከ13 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ፣ ጠንካራ ወንፊት ይሁን። ሰፊ ቀዳዳ ያለው የተለመደው የዶሮ ሽቦ ዶሮዋ እንዳትወጣ ያግዳል እንጂ አይጥ እንዳይገባ አያግድም። ውሻም ይቀድደዋል።
3. ቤቱ መሬት ላይ የሚሠራ ከሆነ ሽቦው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ መሬት ገብቶ ወደ ውጭ ይታጠፍ። ቆፍሮ የሚገባ አውሬ ሽቦው ላይ ይቆማል።
4. ቤቱ ከዛፍና ከአጥር ቢያንስ 2 ሜትር ይራቅ፤ ለሰው መኖሪያ ግን ይቅረብ።
5. በሩ መቀርቀሪያ ይኑረው። ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ይዘጋ፤ በደንብ ሲነጋ ይከፈት።

ከሁሉ የሚበልጠው አምስተኛው ነው። ጥሩ ቤት ሠርቶ በሩን መዝጋት የረሳ ሰው ቤት እንዳልሠራ ይቆጠራል። ስለዚህ በሩን የመዝጋቱ ኃላፊነት በስም ለአንድ የቤተሰብ አባል ይሰጥ።

ለጫጩቶች የሚደረግ ጥንቃቄ

ጫጩት በተፈለፈለች በመጀመሪያዎቹ 8 ሳምንታት ለጭልፊት፣ ለድመትና ለአይጥ በጣም የተጋለጠች ናት። በእነዚህ ሳምንታት ከቅርጫት ሥር ወይም በላዩ በሽቦ በተሸፈነ ትንሽ አጥር ውስጥ ከእናቷ ጋር ትያዝ፤ መኖና ውሃም እዚያው ይቅረብላት። እናት ለሌላቸው ጫጩቶች፣ ዙሪያው ገለባ ወይም ሣር የተጠቀጠቀበት የማሳደጊያ ሣጥን ያለ መብራት ኃይል ሙቀታቸውን ጠብቆ ያሳድጋቸዋል። ከለጋነት ካለፉ በኋላም በግቢው ውስጥ መሸሸጊያ የሚሆን ቁጥቋጦ ወይም ዝቅተኛ ዳስ ያስፈልጋቸዋል።

መርዝ ለምን አይመከርም?

ለአይጥ ወይም ለተባይ የተገዛ መርዝ በሥጋ ለውሶ በግቢ መጣል አደገኛ ነው። መርዙ ሸለምጥማጡን ከሌላው አይለይም። የጎረቤት ውሻ ይበላዋል፤ ዶሮዎቹ ራሳቸው ይለቅሙታል፤ ሕፃን ያነሣዋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ነው። የሞተውን እንስሳ የሚበሉት ጥንብ አንሳዎችም አብረው ያልቃሉ። በአገራችን የሚገኙ 4 የጥንብ አንሳ ዝርያዎች በ2015 እ.ኤ.አ. እጅግ ለከፋ የመጥፋት አደጋ ከተጋለጡት አዕዋፍ ተርታ ተመዝግበዋል። ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ መርዝ ነው። በተጨማሪም የዱር እንስሳት ያለ ፈቃድ እንዳይታደኑ በአዋጅ ቁጥር 541/1999 ተደንግጓል።

በዶሮ ቤት የተያዘን አውሬ በእጅ መያዝ አይገባም። ውሻም ሆነ አውሬ ሰውን ቢነክስ ወይም ቢቧጭር የእብድ ውሻ በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። ስለዚህ ቁስሉን ወዲያውኑ በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብና ሳይዘገዩ ወደ ጤና ድርጅት መሄድ ግዴታ ነው።

የጎረቤትና የማኅበር ተግባር

በመንደር ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን አውሬን አይከላከልም። አንዱ የታረደ ዶሮ አንጀትና ላባ ከመንገድ ዳር ቢጥል ውሻውም፣ ጅቡም፣ ጭልፊቱም የሚለምደው የሁሉንም በር ነው። ስለዚህ ጥራጊና የሞተ ዶሮ በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር። በበሽታ የሞተ ከሆነ ደግሞ መቅበሩ ፈንግል እንዳይዛመት ይረዳል። ውሻ ያለው ሰው በሌሊት ይሰር፤ ያስከትብም።

ማኅበሩ ቄብ ከማዘዙ በፊት የልማት ሠራተኛው በየተመዝጋቢው ቤት ተገኝቶ ማደሪያውን በዓይኑ ይመልከት፤ ሽቦውን በእጁ ይፈትሽ፤ በሩን የሚዘጋው ማን እንደ ሆነ ይጠይቅ። ቤቱ ያልተዘጋጀለት አባል ተራው ለሚቀጥለው ዙር ይተላለፍ። ይህ አባሉን መቅጣት አይደለም። ለብድር የገባችን ቄብ በመጀመሪያው ሌሊት ከማጣት ጥቂት ሳምንታት መጠበቅ ይሻላል፤ ቄቧ ብትበላም ዕዳው አይበላምና።