ታጋይ ይቀልቡ የነበሩ ነገሥታት

የሕንድ ማሃራጃዎች ስማቸው ሲነሣ ብዙ ሰው የሚታየው ዝሆናቸው፣ አልማዛቸውና የእብነ በረድ ቤተ መንግሥታቸው ነው። እኔ ከዚያ ሁሉ አብልጬ የማደንቀው ቤተ መንግሥቱ አጠገብ የነበረውን የአፈር ሜዳ ነው። እዚያ ሜዳ ላይ ጎህ ሳይቀድ ላባቸውን የሚያፈሱ፣ ከንጉሡ ማጀት ወተት፣ ቅቤና አልሞንድ የሚሰፈርላቸው፣ ከትግል በቀር ሌላ ሥራ የሌላቸው ሰዎች ነበሩ። ታጋዩን ፓህላዋን፣ ትግሉን ኩሽቲ ይሉታል። ዛሬ በቴሌቪዥን የምናየው የትግል ትርዒት ከመስፋፋቱ አስቀድሞ በትግል ተቀጥሮ መኖር ማለት በዚያ አገር ይህ ነበር።

ልማዱ ሥር የሰደደው በሙጋል ሥርወ መንግሥት ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1526 ሥርወ መንግሥቱን የመሠረተው ባቡር ከመካከለኛው እስያ የመጣ ሰው ነበር፤ በጻፈው የሕይወት ታሪኩም የታጋዮች ግጥሚያ ተጠቅሷል። የልጅ ልጁ አክባር በቤተ መንግሥቱ ታጋዮችን ያኖር ነበር። ሙጋሎቹ ይዘውት የመጡት የፋርስ ትግል ከጥንቱ የሕንድ ትግል ጋር ተዋሕዶ ኩሽቲን ወለደ። ሙጋሎች ሲዳከሙ አደራውን የተረከቡት የየአካባቢው ነገሥታት ናቸው። በእንግሊዝ የበላይነት ሥር ከ500 በላይ ትንንሽ መንግሥታት ነበሩ፤ ጦርነት የማወጅም ሆነ ከውጭ አገር ጋር የመዋዋል ሥልጣን ግን አልነበራቸውም። እንደኔ ግምት ታጋዩ ያን ያህል የተከበረው ለዚህ ነው። ጦር ማዝመት የማይችል ንጉሥ ከጎረቤቱ ጋር የሚፎካከረው ታጋዩን ልኮ ነበርና፣ የአንድ ድሃ ልጅ ትከሻ የመንግሥት ክብር ይሸከም ነበር።

የትግሉ ቦታ አካራ ይባላል። አፈሩ ተቆፍሮ፣ ተነፍቶና ለስልሶ ዘይት፣ አሬራ፣ እርድና ቀይ አፈር ይጨመርበታል። ታጋዮቹ ጠባብ ግልድም ታጥቀው ይገቡና አፈር እየዘገኑ አንዱ የሌላውን ገላ ይቀባል፤ ላብ ያረጠበው ገላ ለመጨበጥ እንዲመች ነው። ልምምዳቸው በአብዛኛው ቁጭ ብድግ፣ ፑሽ አፕ እና ከባድ ዱላ ማወዛወዝ ነው፤ ቁጥሩ ግን በመቶና በሺህ ነው። መምህሩ ታጋዩ የሚበላውን፣ የሚተኛበትን ሰዓት፣ ከሴት መራቁን ሳይቀር ይቆጣጠራል። የሂንዱዎቹ አካራ የአምላካቸው የሃኑማን ምስል አያጣም፤ ሙስሊሙና ሂንዱው ግን በዚያው አፈር ላይ ይገናኙ ነበር። በቀድሞው ግጥሚያ የሰዓት ገደብ የለም። የሁለት ትከሻው ጀርባ መሬት የነካ ተሸነፈ፤ በቃ።

ከዚህ ሥርዓት የወጣው ታላቁ ሰው ጋማ ነው። በ1878 በፑንጃብ፣ ከሙስሊም የታጋዮች ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ ገና በልጅነቱ ስለሞተ ዘመዶቹ አሳደጉት፤ የዳቲያ ማሃራጃም በግቢው አስጠጋው። በ10 ዓመቱ በጆድፑር ከጎልማሶች ጋር ቁጭ ብድግ ተወዳድሮ ከመጨረሻዎቹ ጥቂቶች አንዱ ሆኖ እንደቀረ፣ የጆድፑሩ ማሃራጃም ዕድሜውን አይቶ አሸናፊነቱን ለእሱ እንደ ሰጠ ይተረካል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 ገደማ ነበር። ተቀናቃኙ ራሂም ባክሽ ደግሞ ከ2 ሜትር በላይ ነበር ይባላል። ብዙ ጊዜ ገጥመው ሳይሸናነፉ ከቆዩ በኋላ በአላሃባድ ጋማ ረታውና የሕንድ ሁሉ ሻምፒዮን ተባለ።

ከዚያ ድል በፊት፣ በ1910፣ ለውድድር ለንደን ሄዶ ነበር። አጭር ነህ ብለው ከውድድሩ ቢያስቀሩት፣ የፈለገ ሦስት ሰው ይምጣ፣ በ30 ደቂቃ ውስጥ እጥላለሁ ብሎ አስነገረ። መጀመሪያ አሜሪካዊውን ሐኪም ቤንጃሚን ሮለርን አሸነፈ። ሴፕቴምበር 10 ቀን ከፖላንዳዊው ስታኒስላውስ ዝቢሽኮ ጋር ሲገናኝ ግን ነገሩ መልኩን ለወጠ። ዝቢሽኮ በሆዱ ተኝቶ ከምንጣፉ አልነሣ አለ፤ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ እንዲህ ተጎትቶ ያለ አሸናፊ ተቋጨ። በሳምንቱ ሊደግሙት ቢቀጠርም ዝቢሽኮ ሳይመጣ ቀረና የሻምፒዮንነት ቀበቶው ለጋማ ተሰጠ። የቂሙን ዕዳ ያወራረደው የፓቲያላው ማሃራጃ ቡፒንደር ሲንግ ነው። በ1928 ዝቢሽኮን ወደ ግዛቱ ጋብዞ በብዙ ሺህ ሕዝብ ፊት አገናኛቸው። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው የተቃረበው ጋማ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ጣለው።

ከቀላቢዎቹ ሁሉ እኔ የማስበልጠው የኮልሃፑሩን ሻሁን ነው። ከ1894 እስከ 1922 ነገሠ፤ ራሱም ታጋይ ነበር። ዝቅተኛ ተብለው ለተናቁ ወገኖች በ1902 ግማሹን የመንግሥት ሥራ የመደበ ንጉሥ ነው። ካስባግ የተባለውን የትግል ስታዲየም በ1912 አሠራ፤ የሮማን ኮሎሲየም አይቶ ተነሣሥቶ ነው ይባላል። ከዚያ አካባቢ ካሻባ ጃዳቭ የሚባል ወጣት ተነሣ። በ1948 ለለንደን ኦሊምፒክ ሲሄድ ወጪውን የቻለው የኮልሃፑር ማሃራጃ ነበር፤ 6ኛ ወጣ። በ1949 ግን ኮልሃፑር ከነፃይቱ ሕንድ ጋር ተቀላቀለና ዘውዱ ሥልጣኑን አጣ። ለ1952ቱ የሄልሲንኪ ኦሊምፒክ ጃዳቭ ገንዘብ ፍለጋ ደጅ ጠና። በመጨረሻ የደረሰለት የቀድሞ ኮሌጁ ርዕሰ መምህር ነው፤ ቤቱን በ7,000 ሩፒ አስይዞ ላከው። ጃዳቭ ነሐስ ይዞ ተመለሰ፤ ነፃይቱ ሕንድ በግል ውድድር ያገኘችው የመጀመሪያ ሜዳሊያ ነው።

በአራት ዓመት ውስጥ ቀለቡ ከቤተ መንግሥት ወደ አንድ መምህር ቤት ዕዳ ዞረ። አዲሱ መንግሥት ዘውዶቹን መሻሩ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ጥፋቱ ታጋዮቹን የሚረከብ ሳያዘጋጅ መቅረቱ ነው። ጋማም በ1947 አገሪቱ ሕንድና ፓኪስታን ተብላ ስትከፈል በፓኪስታኑ ላሆር ቀረ፤ በሁከቱ ወቅት ሂንዱ ጎረቤቶቹን ከጥቃት እንደ ጠበቀ ይነገርለታል። በ1960 ሲያርፍ ያኔ የቀለቡት ነገሥታት አጠገቡ አልነበሩም። ወንድሙ ኢማም ባክሽ የወለዳቸው ልጆች ስሙን ይዘው ቀጠሉ፤ አንዱ፣ አክራም፣ ከመሐመድ አሊ ጋር በተፋለመው ጃፓናዊ በአንቶኒዮ ኢኖኪ በ1976 ካራቺ ላይ ተሸነፈ።

ካስባግ ዛሬም ቆሟል፤ ውድድርም ይካሄድበታል። በዱባይ ያላችሁ አንባብያን ደግሞ ኩሽቲን ለማየት እስከዚያ መሄድ የለባችሁም። በደይራ ሰፈር የፓኪስታንና የሕንድ የቀን ሠራተኞች በዕረፍት ቀናቸው ባዶ ሜዳ ላይ እየተሰበሰቡ ለዓመታት ሲታገሉ ቆይተዋል። ዳኛው ከመካከላቸው ነው፤ አሸናፊው ተመልካቹን እየዞረ የተሰጠውን ገንዘብ ይቀበላል። እንዲህ ያለ ግጥሚያ ካጋጠማችሁ ቆም ብላችሁ እዩት፤ አሸናፊውም ወደ እናንተ ሲመጣ ሳትሰጡት አትመልሱት።