ስለ ዕለት ልማድና ስለ አባ ሳሙኤል ደለል

ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ የሚባሉት ወንዞች አዲስ አበባን ከላይ እስከ ታች አቋርጠው ከአባ ሳሙኤል የውሃ ማቈሪያ ይገባሉ። ይህ ግድብ በአገራችን በውሃ ኃይል ኤሌክትሪክ እንዲሰጡ ከተሠሩት ሁሉ ከቀደሙት አንዱ ነው። ዳሩ ግን በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሥራውን አቋርጦ ከአርባ ዓመት በላይ ዝም አለ። ዝም ያሰኘውም ጠላት አፍርሶት ወይም የመሬት መንቀጥቀጥ ሰንጥቆት አይደለም፤ ወንዙ በየክረምቱ ያመጣው ደለል ጥቂት በጥቂት ስለ ተከማቸበትና መሣሪያውም የሚገባውን እድሳት በየጊዜው ሳያገኝ ስለ ቀረ ነው። በ2009 ዓ.ም. በቻይና መንግሥት ርዳታ ታድሶ፥ 6.6 ሜጋ ዋት ኃይል እንዲሰጥ ሆኖ እንደገና ሥራ ጀመረ።

ይህንን የመሰለ ነገር በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ማንሣታችን ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ሳይሆንበት አይቀርም። እኛ ግን ስለ ቤትና ስለ ጠባይ ባሰብን ጊዜ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አላገኘንም። ሰው ራሱን ለማሻሻል ሲነሣ ብዙውን ጊዜ ትልቅ ቀን ይመርጣል፤ ዕንቍጣጣሽ ሲሆን «ከዛሬ ጀምሮ መጠጥ ትቻለሁ፥ መጽሐፍም አነባለሁ፥ ገንዘብም አስቀምጣለሁ» ብሎ በአንድ ትንፋሽ ሦስት ነገር ይምላል፤ የመስቀል ደመራ ሳይለኰስ ግን ሦስቱም ይረሳሉ። ቤትን የሚያቀናውም ሆነ የሚያጎድለው በመሐላው ቀን የተባለው ሳይሆን ማንም ልብ ሳይለው በየማታው የሚደረገው ነው።

«ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን እንቍላሉ እግር የሚያወጣው ዝም ብሎ በመቀመጡ አይደለም፤ ዶሮዪቱ 21 ቀን ያህል ታቅፋ፥ በየጊዜውም እያገላበጠች ትጠብቀዋለች። ለመብልና ለመጠጥ ጥቂት ብትነሣ ተመልሳ ትታቀፈዋለችና አይበላሽም። የሰውም ልማድ በ21 ቀን ይጸናል ሲባል እንሰማለን፤ እንደሚመስለን ግን ይህ ቍጥር ለጫጩት እንጂ ለሰው የሚሆን አይደለም። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊ የምትባል ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር 96 ሰዎችን መርጣ፥ እያንዳንዳቸው ከመብል ወይም ከመጠጥ ወይም ከእንቅስቃሴ አንዲት ትንሽ ነገር በየቀኑ እንዲያደርጉ ነግራ፥ 12 ሳምንት ተከታተለቻቸው። በ2010 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ታትሞ በወጣው ጽሑፍ፥ ነገሩ ያለ ብዙ ማሰብ የሚደረግ እስኪሆን ድረስ የሚፈጀው ጊዜ በመካከለኛው ግምት 66 ቀን ሆኖ ተገኘ፤ ከሰው ሰው ግን ከ18 ቀን እስከ 254 ቀን ይለያያል ተብሎ ተገመተ። ከሁሉ ይልቅ እኛን ያስደሰተን ግን አንድ ቀን ማጓደል የተጀመረውን ልማድ አለማፍረሱ ነው።

እንግዲህ አንድ ማታ ያመለጠው ሰው «አንድ ጊዜ ከፈረሰ ይቅር» ብሎ ሊተወው አይገባም። አባ ሳሙኤልንም የዘጋው የአንድ ክረምት ደለል አይደለም።

በአቃቂና በቃሊቲ የሚኖር ብዙ ሰው ከፋብሪካ ለመግባት ወይም ከከተማ ለመድረስ ሳይነጋ ከቤቱ ይወጣል፤ ከመሸ በኋላም ደክሞት ይመለሳል። እንዲህ ያለውን ሰው በቀን አንድ ሰዓት አንብብ ብንለው ይስቅብናል፤ መሳቁም ተገቢ ነው። ደመወዙ ለወሩ የማይበቃውንም ሰው በጥሩ ልማድ ብቻ ባለጠጋ ትሆናለህ ማለት ሐሰት ነው። ስለዚህ አዲሱ ነገር ለመናገር እስኪያሳፍር ድረስ ትንሽ ይሁን፤ ደግሞም በቤቱ ውስጥ ያለ ማንም አስታዋሽ ከሚደረግ ከአንድ አሮጌ ነገር ጋር ይታሰር። ለምሳሌ በየቤታችን ቡና ይፈላል። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እስኪፈላ ባለው ጊዜ ልጁ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ቢያነብ ከማንም ሥራ ላይ የሚቀነስ ጊዜ የለም። ማንበብ ያልተማረች እናት ብትኖርም እርሷ አዳማጭ ትሆናለች፤ ልጁም የሚያነበው ለሰው መሆኑን ሲያውቅ ይበረታል።

ገንዘብን ስለ ማስቀመጥ የሆነ እንደ ሆነ አባቶቻችን ከእኛ ይልቅ ዐዋቂዎች ነበሩ። ዕቍብ የገባ ሰው «በዚህ ሳምንት ላስቀምጥ ወይስ ልተው» ብሎ ከራሱ ጋር አይሟገትም፤ ቀኑ የታወቀ ነው፥ ዳኛው ይጠብቀዋል፥ ጓደኞቹም ዐይን ዐይኑን ያዩታል። ለብቻ የተጀመረ ነገር ሲደክም አብሮ የሚያነሣው የለም። ንባብንም ሆነ የማታ እግር ጉዞን ከጎረቤት ጋር እንደ ዕቍብ ቀን ቈርጠው የያዙት ሰዎች ብዙ ሊዘልቁ ይችላሉ ብለን እናምናለን።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንመጣለን፤ ይኸውም አንደበታችን ነው። ልጅቱ በሒሳብ ዝቅተኛ ነጥብ አምጥታ ስትመጣ እናት «ምን ታድርግ፥ እኔንም ሒሳብ አይገባኝም ነበር» ትላለች። ቃሉ ከርኅራኄ የመጣ ነው፤ ልጅቱ ግን «ለዚህ አልተፈጠርሁም» ብላ ትሰማዋለች፤ ደብተሩም ይከደናል። አንዳንድ ጊዜ ከዚያ በኋላ ሳይገለጥ ይቀራል። ምስጋናም ቢሆን ሊጎዳ ይችላል። ካሮል ድዌክ የምትባል የሥነ ልቦና ሊቅ ከክላውዲያ ሙለር ጋር በ1998 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ባወጣችው ጥናት፥ በብልኅነታቸው የተመሰገኑ ልጆች ከበድ ያለውን ጥያቄ ወደ መሸሽ፥ በድካማቸው የተመሰገኑት ግን ወደ መድፈር አዘንብለው ተገኙ። ከዚያ ወዲህ የወጡ ጥናቶች እንዲህ ያለው አስተሳሰብ የሚያመጣው ለውጥ መጠነኛ መሆኑን አሳይተዋልና ተኣምር አንጠብቅ። ይሁን እንጂ «ጎበዝ» የሚለውን ቃል ያለ ልክ የምንበትን ሰዎች ነንና፥ አንዳንዴ በእርሱ ፈንታ «ይህችን እንዴት አገኘሻት፥ እስቲ አሳዪኝ» ብንል ምን ይጎዳናል? «አልችልም» ለሚልም ልጅ «ገና አልቻልህም» ብሎ አንዲት ቃል መጨመር ዋጋ አያስከፍልም። አባትም ስለ ራሱ ሲናገር ይህችኑ ቃል ቢጨምር ልጁ ይሰማዋል።

ይህንን ሁሉ በአንድ ሳምንት ልጀምር የሚል አንባቢ ቢኖር እንዲታገሥ እንለምነዋለን። ለጊዜው አንዱን ብቻ ይምረጥ። ንባቡን የመረጠ እንደ ሆነ መጽሐፉን ከሣጥን አውጥቶ ከረከቦቱ አጠገብ ያስቀምጠው፤ ልጁ ገጹን ሳይጨርስ ቶናው ቢደርስ የቀረው ለነገ ይተላለፍ።