እጣቢውን ለጓሮ፣ ግን በጥንቃቄ
የራያ ቆላ ገበሬ ከምዕራቡ ደጋ የሚወርደውን ጎርፍ እየጠለፈ ማሳውን ማጠጣት ከአባቶቹ የወረሰው ጥበብ ነው። እንደ 1977ቱ ድርቅ ዝናቡ ሲጠፋ ግን ጎርፉም አይመጣም። እንዲህ ባለ ጊዜ በቆቦና አካባቢዋ በሳፋ የቀረ የልብስ እጣቢ ደጅ ላይ ሊደፋ አይገባም። አንድ የጓሮ ፓፓያ ወይም ሎሚ ያተርፋልና።

እጣቢ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። የሕፃን ሽንት ጨርቅ የታጠበበት ውሃ ተቅማጥ የሚያመጡ ተህዋሲያን ስለሚይዝ ወደ መጸዳጃ ጉድጓድ ይደፋ። ጥሬ ሥጋና ዶሮ የታጠበበትም እንዲሁ። በረኪና የገባበት ደግሞ ተክሉን ይጎዳል።

ሰላጣ፣ ካሮትና ቃሪያ በጥሬው ስለሚበሉ እጣቢ አይንካቸው። ለፍራፍሬ ዛፍም ቢሆን ቅጠል ላይ ሳይረጭ ሥሩ አካባቢ በተቆፈረ ትንሽ ቦይ ይፈስሳል፤ አፈሩ መጦ ከሚጨርሰው በላይ አይጨመርም። ዝናብ በሌለበት ቆላ የሳሙናው ጨው አፈር ውስጥ ስለሚከማች ቦታ መቀያየሩ ይበጃል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ማስቀመጡን ነው። እጣቢ ከ24 ሰዓት በላይ ሲቆይ ይሸታል፣ ትንኝም ይራባበታል። የመጠጥ ውሃ ዕቃም ቢሆን ይከደን፤ በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2016 የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝ በበርሜልና በገንዳ በተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ትራባለች። የእጣቢው ባልዲ ለብቻው ይሁን፤ ጓሮውን ካጠጡ በኋላም እጅዎን በንጹሕ ውሃና በሳሙና ይታጠቡ። ይህቺ ውሃ እንኳ አትቆጠብም።