ከአንድ ግንድ የወጡ ሄሊኮፕተሮች

በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የኦሞ ወንዝ ሞልቶ የዳሰነች ሕዝብ መንደሮችን ሲያጥለቀልቅ ከ360 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ የተከበቡትን ለማውጣት ጀልባና የመከላከያ ሄሊኮፕተር ተሰማሩ።

የኢትዮጵያ አየር ኃይል ከሚያበራቸው ሄሊኮፕተሮች መካከል ለእንዲህ ዓይነት ሥራ የሚሆነው የኤምአይ-8 ቤተሰብ ይገኝበታል። የመጀመሪያው ናሙና እ.ኤ.አ. በ1961 በሶቪየት ኅብረት የበረረው በአንድ ሞተር ነበር፤ በዓመቱ ሁለት ሞተር ያለው ተከተለ።

ኋላ የመጣው ኤምአይ-17 ጉልበቱ የበረታ ነው፤ የጭራው መዘውርም ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሯል። ከፍታና ሙቀት አየሩን በሚያሳሱበት አገር ይህ ተጨማሪ ጉልበት እጅግ ያስፈልጋል። ውሃ ላይ የሚያርፈው ኤምአይ-14 እና ተዋጊው ኤምአይ-24ም የዚሁ ቤተሰብ ተወላጆች ናቸው።

ኤምአይ-8 24 ወታደሮችን ያሳፍራል፤ ለሕክምና ሲዘጋጅ 12 ቃሬዛ ይይዛል። ማረፊያ በጠፋበት ቦታም ጭነቱን ከሆዱ በታች አንጠልጥሎ ያደርሳል።