አርዲቦ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ከየት ይመጣል?

ታኅሣሥ ላይ በማለዳ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ብትቆሙ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ብርዱ ግን አጥንት ድረስ ይገባል። ነሐሴ ላይ እዚያው ብትመለሱ ደመና ተራራውን ሸፍኖት፣ ከሰዓት በኋላ ዶፍ ሲወርድ ታያላችሁ። ሐይቁ ያው ሐይቅ ነው፣ ተራራውም ያው። ታዲያ ምን ተቀየረ? የተቀየረው ከላያችሁ ያለው አየር ነው። የታኅሣሡና የነሐሴው አየር የመጡበት አገር ይለያያል።

«ሐይቅ እያለ ዝናብ ከሩቅ ለምን ይመጣል?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ከአርዲቦ ውኃ በየቀኑ ይተናል። ግን የሐይቁ ስፋት 20 ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም። በላዩ የሚያልፈው አየር ደግሞ አንዳንዴ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል። አርዲቦ ለዚህ ሁሉ አየር የሚያዋጣው ተን፣ በድግስ ጠላ ውስጥ እንደተጨመረች አንዲት ጣሳ ውኃ ነው።

ይህን ግዙፍ አየር «የአየር ክምር» እንበለው። ጭስ ቤት የዋለ ጋቢ ጭስ ጭስ ይላል አይደል? አየርም እንደዚያው ነው። ሞቃት ውቅያኖስ ላይ ለቀናት ከቆየ ሙቀትና እርጥበት ይይዛል፤ በረሃ ላይ ከቆየ ይደርቃል፤ ቀዝቃዛ ምድር ላይ ከቆየ ይቀዘቅዛል። ከዚያ ነፋስ ሲያንቀሳቅሰው ጠባዩን ይዞ ይጓዛል። ስዊድናዊው የሜትሮሎጂ ሊቅ ቶር በርጌሮን በ1928 እ.ኤ.አ. የአየር ክምሮችን በትውልድ ቦታቸው የመደበው ለዚህ ነው። ወደ ወሎ የሚመጡትን ክምሮች በሦስቱ ወቅቶች እንያቸው።

በጋ፦ ከጥቅምት እስከ ጥር ከባድ አየር ዓረቢያና ከዚያ በስተሰሜን ያለው ሰፊ ምድር ላይ ይከማቻል፤ ከፍተኛ የአየር ግፊት የሚባለው ይህ ነው። ከዚያ የሚነሳው ነፋስ ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣል። ደረቅ ስለሆነ ደመና የለውም። ደመና ደግሞ ለምድር እንደ ብርድ ልብስ ነው፤ ከሌለ ቀን የገባው ሙቀት ሌሊት ያመልጣል። ደጋ ላይ ውርጭ የሚጥለው ለዚህ ነው። አልፎ አልፎ ግን ይህ አየር ቀይ ባሕርን ሲሻገር እርጥበት ይጠጣና አውድማ ላይ ያለ እህል የሚያበሰብስ ዝናብ ያመጣል።

በልግ፦ ከየካቲት ጀምሮ ያ ከባድ አየር ወደ ዓረብ ባሕር ፈቀቅ ይላል። ነፋሱም አቅጣጫ ቀይሮ ከምሥራቅና ከደቡብ ምሥራቅ፣ ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል እርጥበት ይዞ ይገባል። ግን እርጥበት ብቻውን ዝናብ አይሆንም፤ አየሩ መውጣት አለበት። ከፍ ሲል ይሰፋል፣ ሲሰፋ ይቀዘቅዛል፤ ደመና እስኪሆን ድረስ በየ100 ሜትሩ 1 ዲግሪ ገደማ ያጣል። እስቲ እናስላው፦ አፋር ሜዳ ላይ፣ ከባሕር ጠለል 600 ሜትር ከፍታ ላይ 35 ዲግሪ የነበረ አየር፣ ሽቅብ ወጥቶ 2100 ሜትር ላይ ሲደርስ ወደ 20 ዲግሪ ወርዷል። ቀዝቃዛ አየር ብዙ ተን መያዝ አይችልም። ትርፉ ወደ ጠብታ ይለወጥና ደመና ይሆናል። የወሎ ገደላማ ምሥራቃዊ ጠርዝ በልግን የሚያገኘው እንዲህ ነው።

ክረምት፦ ከሰኔ ጀምሮ የሰሜንና የደቡብ ነፋሳት የሚገናኙበት ቀበቶ ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ይወጣል። ከኋላው ከደቡብ አትላንቲክ የተነሳ አየር በኮንጎ ደን ላይ አልፎ ይገባል፤ ከሕንድ ውቅያኖስም ሌላ ይመጣል። ብዙ መማሪያ መጻሕፍት ዋናውን ድርሻ ለአትላንቲክ ይሰጡ ነበር። ተመራማሪዎች የአየሩን ጉዞ ወደ ኋላ ሲከተሉ ግን፣ ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ ከሕንድ ውቅያኖስና ከቀይ ባሕር በኩል የሚገባው እርጥበትም ብዙ ሆኖ ተገኝቷል። ከምዕራብ የመጣው አየር ግን ደጋውን አልፎ ወደ አፋር ሲወርድ መልሶ ይሞቃል፤ ደመናውም ይበተናል። ወሎ በዝናብ ሲርስ ከጎኑ ያለው ቆላ የሚደርቅበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ለዚህ ሁሉ ምን ያስጨንቀናል? ወሎ ለምሥራቁም ለምዕራቡም አየር ጠርዝ ላይ ነው። አንዱ ክምር ትንሽ ቢዘገይ ወይም መንገድ ቢስት፣ ዝናቡ መጀመሪያ ከሚቀርባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው። አንዱ ወቅት ሲከዳ ገበሬው ሌላውን ይጠብቃል፤ መከራው ሁለቱ ሲከዱ ነው። በ1976 ዓ.ም. በልጉም ክረምቱም ከዱ። ጦርነትና የእርዳታ መዘግየት ተጨምሮበት እስከ 1977 የዘለቀው ረሃብ ብዙ ሕይወት ቀጠፈ። በ2007 ዓ.ም. እንደገና በልጉ ከሸፈ። ክረምቱንም የሩቁ ፓስፊክ ውቅያኖስ ሙቀት፣ ማለትም ኤልኒኖ፣ አዳከመው። ከእኛ በሺዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ የሞቀ ውኃ የወሎን ማሳ ያደርቃል ማለት ነው። ደጉ ነገር ውቅያኖስ የሚሞቀው ቀስ እያለ ስለሆነ፣ የዓየር ጠባይ ባለሙያዎች ከወራት በፊት ምልክቱን ማየት ይችላሉ። ማስጠንቀቂያው በጊዜ ከደረሰ፣ ገበሬው ቶሎ የሚደርስ ዘር ሊመርጥ ወይም መኖ ሊያከማች ይችላል።

እናንተም መመልከት ትችላላችሁ። ደብተር ያዙና በየቀኑ አንድ ሰዓት ላይ ዝቅ ያለው ደመና ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ጻፉ። ሣሩን ወይም የሐይቁን ሞገድ አትከተሉ፤ ሐይቅና ተራራ የራሳቸውን ትንንሽ ነፋስ ስለሚፈጥሩ ያሳስቷችኋል። ቀጥሎ በጣም የቀዘቀዘ ውኃ በብርጭቆ ቅዱና ደጅ አስቀምጡ። ብርጭቆው ከውጭ ቶሎ ካላበው አየሩ እርጥበት አለው፤ ደርቆ ከቀረ ምናልባት የበረሃ አየር ላያችሁ ላይ አለ። የካቲት ላይ ደብተሩን መልሳችሁ ስታዩ፣ ደመናው አቅጣጫ የቀየረበትን ቀንና ብርጭቆው ማላብ የጀመረበትን ቀን አነጻጽሩ። ከዚያ ዕድሜ ጠገብ ገበሬ ጎረቤት ካላችሁ፣ «የበልግ ነፋስ ገባ የሚሉት መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን ከደብተራችሁ ጋር አስተያዩት።