ገደብ የሌለው የሕመም ፈቃድ እና የራይከርስ ደሴት ጠባቂዎች

የሒሳብ ሠራተኛ ሲታመም ፋይሉ ጠረጴዛው ላይ ይቆየዋል። የእስር ቤት ጠባቂ ሲታመም ግን ሥራው አይጠብቅም። በር የሚከፍት፣ ምግብ የሚያደርስ፣ የታመመን እስረኛ ወደ ክሊኒክ የሚወስድ ሰው በዚያው ሰዓት መገኘት ይኖርበታል። በዚህም የተነሳ የእስር ቤት ሠራተኞች የሕመም ፈቃድ የአሠሪና የሠራተኛ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። በኒውዮርክ ከተማ በራይከርስ ደሴት እስር ቤት የደረሰው ሁኔታ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው።

ራይከርስ በኩዊንስና በብሮንክስ መካከል በሚገኝ ደሴት ላይ የተሠራ የእስር ቤቶች ስብስብ ነው። ከታሳሪዎቹ አብዛኞቹ ፍርድ ያላገኙና ቀጠሯቸውን የሚጠባበቁ ሰዎች ናቸው። የከተማዋ የእስር ቤት ጠባቂዎች፣ እንደ ፖሊሶቿና እንደ እሳት አደጋ ሠራተኞቿ ሁሉ፣ በቀናት ያልተገደበ የሕመም ፈቃድ ከሙሉ ደመወዝ ጋር ያገኛሉ።

ይህ ምን ያህል ሰፊ መብት እንደሆነ ለመረዳት የአገራችንን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ማየት ይበቃል። በአዋጁ መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ፣ በሥራ ላይ ከደረሰ ጉዳት ውጪ በሆነ ሕመም መሥራት ካልቻለ፣ በ12 ወራት ውስጥ ከስድስት ወር የማይበልጥ ፈቃድ ይሰጠዋል። የመጀመሪያው አንድ ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ከግማሽ ደመወዝ ጋር፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ደግሞ ያለ ክፍያ ናቸው። (የፖሊስ ኃይል አባላትና በልዩ ሕግ የሚተዳደሩ ሠራተኞች በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም።) እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ክፍያው ደረጃ በደረጃ መቀነሱ ራሱ አንድ የመቆጣጠሪያ ዘዴ መሆኑ ነው። ሠራተኛው በቆየ ቁጥር ኪሱ ይጎዳል። በራይከርስ ይህ ዘዴ የለም።

መብቱ ያለ ምክንያት የተሰጠ ግን አይደለም። ጠባቂው መሣሪያ ሳይዝ ከእስረኞች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ የሚውል ሠራተኛ ነው። ድብደባ ይደርስበታል፣ ተላላፊ በሽታ ይይዘዋል። ያልዳነ ሰው ለደመወዙ ሲል ወደ እስረኞች መካከል ቢመለስ አደጋው ከራሱ አልፎ ለባልደረቦቹም ይተርፋል። በልዋጩ ከተማው ሌላ መቆጣጠሪያ አበጅቷል። የታመመ ጠባቂ በመሥሪያ ቤቱ የጤና ክፍል ይመረመራል፤ ከተፈቀደለት ሰዓት ውጪ ከቤቱ መውጣት አይችልም፤ መርማሪዎችም በድንገት ቤቱ ሊመጡ ይችላሉ። ከእስረኛ ጋር መገናኘት የማይችል ከሆነ ቀለል ያለ ሥራ ይመደብለታል። እንግዲህ ሥርዓቱ በሙሉ የቆመው በዚህ ቁጥጥር ላይ ነው ማለት ነው።

ችግሩ ጎልቶ የወጣው ይህ ቁጥጥር ሲላላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ኒውዮርክን ሲመታ በርካታ ጠባቂዎች በእርግጥ ታመሙ፣ የሞቱም ነበሩ። ሆኖም ወረርሽኙ ጋብ ካለ በኋላም የቀሪዎቹ ቁጥር አልቀነሰም። በ2021 የበጋ ወራት ከጠባቂዎቹ ሲሶ ያህሉ በሕመም፣ በቀላል ሥራ ምደባ ወይም ያለ ፈቃድ በመቅረት ከእስረኞች ጋር ለሚሠራ ሥራ አይገኙም ነበር። የሚገርመው በዚያው ዓመት ከተማዋ ከእስረኞቿ የሚበልጥ ቁጥር ያላቸው ጠባቂዎች በደመወዝ መዝገቧ ላይ የነበሯት መሆኑ ነው። የጎደለው የተቀጠረ ሰው ሳይሆን የተገኘ ሰው ነበር።

ጫናው የወደቀው ሥራ በመጡት ላይ ነው። ፈረቃውን የጨረሰ ጠባቂ ተተኪ ስለማይመጣለት ሁለተኛ፣ አንዳንዴም ሦስተኛ ፈረቃ ይደርብ ነበር። እንዲህ የደከመ ሰው ደግሞ በተራው ቢታመም አያስደንቅም። አንዱ መቅረት ሌላውን እየወለደ ሄደ። አንዳንድ የእስረኞች ክፍሎች ያለ ጠባቂ የቀሩበት ጊዜ ነበር፤ እስረኞች የሕክምና ቀጠሮ አልፏቸዋል። በ2021 ቢያንስ 15፣ በ2022 ደግሞ 19 ሰዎች በከተማዋ እስር ቤቶች ውስጥ ወይም ከዚያ በወጡ ሰሞን ሕይወታቸው አልፏል። ሞቱ ሁሉ በሠራተኛ እጥረት የመጣ ነው ባይባልም፣ ለሚታመም ሰው ቶሎ የሚደርስ ጠባቂ መጥፋቱ ደጋግሞ ተነሥቷል።

በመስከረም 2021 የወቅቱ ከንቲባ ቢል ደ ብላዚዮ ያለ ፈቃድ የሚቀሩ ጠባቂዎች ለ30 ቀናት ያለ ደመወዝ እንዲታገዱ አዘዙ። ከተማው የጠባቂዎቹን ማኅበር በሕገ ወጥ አድማ ከሰሰ፤ ማኅበሩ ግን ክሱን አልተቀበለም፣ አባላቱ የቀሩት ሥራው አደገኛና ሰው የማይችለው በመሆኑ ነው አለ። ክሱም በቀናት ውስጥ ተነሣ። ከ2022 ጀምሮ የቤት ለቤት ክትትሉ ጠበቀ፣ ለረጅም ጊዜ መሥራት ያልቻሉትን በሕክምና ምክንያት የማሰናበቱ ሒደትም ተፋጠነ። የቀሪዎቹ ቁጥር በእጅጉ ቀነሰ። ከፈቃዱ አንድም ቀን ሳይቀነስ ይህን ያህል ለውጥ መምጣቱ ትኩረት የሚሻ ነጥብ ነው።

ይህ ማለት ግን ራይከርስ ተስተካከለ ማለት አይደለም። በኅዳር 2024 የፌዴራል ዳኛዋ ሎራ ቴይለር ስዌይን ከተማው በእስር ቤቶቹ ያለውን ሁከት እንዲቀንስ የተሰጡትን ትእዛዞች አላከበረም በማለት ፍርድ ቤት በመድፈር ጥፋተኛ ብለውታል። በግንቦት 2025 ደግሞ እስር ቤቶቹን የማስተካከል ሥልጣን የሚኖረው ገለልተኛ ኃላፊ እንዲሾም ወስነዋል። ጠባቂው ወደ ሥራው መመለሱ የመጀመሪያው እርምጃ እንጂ የመጨረሻው አልነበረም።

በየመሥሪያ ቤቱ የሕመም ፈቃድ ሲነሳ ክርክሩ ብዙውን ጊዜ በቀናት ብዛት ላይ ያተኩራል። አሠሪው ይብዛል ይላል፣ ሠራተኛው ያንሳል ይላል። ራይከርስ የሚያሳየው ግን ከቀናቱ ቁጥር በፊት የሚጠየቁ ሁለት ጥያቄዎች መኖራቸውን ነው። ሕመሙን የሚያረጋግጠው ማን ነው? የታመመውን ሰው ሥራ የሚሸፍነውስ ማን ነው? ለሁለተኛው መልስ ካልተዘጋጀ ዋጋውን የሚከፍለው የቀረው ሳይሆን ሥራ የመጣው ሠራተኛ፣ ከእሱም ብሶ በሩ የተቆለፈበት እስረኛ ነው።